የተቀበረ ፈንጂ የሚለይ ድሮን ሠርተናል፤ የመስክ ሙከራውን እንዴት እናድርገው?

ተማሪው ከባሕር ዳር፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ ሥራችን በአነስተኛ ድሮን ላይ የሙቀት ካሜራ ገጥመን፣ ፈንጂ የተቀበረበትን ቦታ ከአየር ላይ ለይቶ በካርታ ላይ የሚያመለክት ፕሮግራም ሠርተናል። የተቀበረ ነገር ከዙሪያው አፈር በተለየ ፍጥነት ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ፣ በተለይ ማለዳና አመሻሽ ላይ ከላዩ ባለው አፈር የሙቀት ልዩነት ይታያል። የእኛ ሥራ ያንን ልዩነት መያዝ ነው። በግቢያችን ባዶ መሬት ላይ 30 የፕላስቲክ ጣሳዎች ቀብረን ስንሞክር 30ውንም አገኘልን። አማካሪያችንም ተደስተዋል።

መነሻ የሆነን በሰሜን ቻድ በረሃ የተደረገው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከድሮን ላይ በሙቀት ካሜራ ለዓመታት ተቀብረው የቆዩ ፈንጂዎችን ማየት እንደተቻለ አንብበናል። ማሱድ ሃሳኒ የተባለው በካቡል ተወልዶ ኔዘርላንድ ውስጥ የተማረ ዲዛይነር ከቀርከሃና ከፕላስቲክ የሠራው፣ በነፋስ እየተንከባለለ ፈንጂ የሚያፈነዳው ትልቅ ኳስም አበረታቶናል።

አሁን ወደ እውነተኛ የፈንጂ መሬት ሄደን መሞከር እንፈልጋለን። ያሰብነው ወደ ትግራይ ወይም ወደ አፋር ነው። ማንን ማስፈቀድ አለብን? ውጤታችን በባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝስ ምን ዓይነት ፈተና ማለፍ ይኖርበታል? በሙያው የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

የቀድሞ አምካኝ፦

ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እጃችሁን ስላነሣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልስልሃለሁ። የሚከብድ ነገር ብናገርም ሥራችሁን ከቁም ነገር ስለቆጠርኩት ነው።

ወደ እውነተኛ የፈንጂ መሬት አትሂዱ። ይህን የምለው ስለ ሕይወታችሁ ብቻ ሰግቼ አይደለም፤ ለሙከራውም አይጠቅማችሁም። ባልጸዳ መሬት ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። መሣሪያህ «እዚህ ምንም የለም» ሲል እውነቱን ይሁን ወይም ስቶት ይለፍ በምን ታረጋግጣለህ? መሬቱ በሰው እጅ ተፈትሾ ካላለቀ በቀር መልስ የለውም። ሙከራ የሚባለው የተቀበረው ሁሉ በመዝገብ የታወቀበት፣ ነገር ግን መዝገቡ ከተፈታኙ የተደበቀበት ነው።

30ውን ጣሳ ማግኘታችሁን ነገርከን። ፕሮግራማችሁ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ስንት ጊዜ «አለ» አለ? ይህን አልጻፍክም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቅህ እሱን ነው።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርህ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ በዛላምበሳ አካባቢ በምሽግ መስመሮች ላይ ሠርቻለሁ። አምካኙ ጥሩሩን ለብሶ፣ የፊት መከለያውን ዝቅ አድርጎ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ መተላለፊያ ውስጥ ይንበረከካል። ብረት ጠቋሚውን ከግራ ወደ ቀኝ ያሻግራል። ድምፅ ሲሰማ የሰማበትን ነጥብ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በቀጥታ ከላይ አይቆፍርም፤ ከምልክቱ ወዲህ ራቅ ብሎ ይጀምርና አፈሩን በትንሹ እየላጠ ከጎን ይጠጋል። ፒኤምኤን የሚባለው የሶቪየት ፈንጂ የሚፈነዳው ከላይ ያለው ጥቁር ጎማ ሲጫን ነውና ጎኑን ነው መፈለግ ያለብህ። ቀጭኑን የመውጊያ ብረት አዘንብሎ እየወጋ፣ በብሩሽ እየጠረገ፣ ላብ በመከለያው ውስጥ ዓይኑ ላይ እየወረደ ይቆይና የሚወጣው የክላሽ ቀለህ ነው። እንደገና ይጀምራል፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ይወጣል። እንደገና፤ የመድፍ ፍንጣሪ። ምሽግ ውስጥ ወታደር ወራት ስለኖረ መሬቱ ብረት ጠግቧል። ለእያንዳንዱ ቀለህ የሚሰጠው ጥንቃቄ ለፈንጂ ከሚሰጠው በምንም አያንስም፤ ሊያንስም አይችልም።

ይህ የዛላምበሳ ብቻ ችግር አይደለም። በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 ድረስ አምካኞች ከመሬት ካወጧቸው ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ነገሮች ውስጥ ፈንጂ ወይም ሌላ ተተኳሽ ሆኖ የተገኘው ከ0.3 በመቶ በታች ነበር። የቀረው ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ሰው የአምካኙ የመጀመሪያ ጥያቄ ፈንጂ ማግኘቱ ሳይሆን፣ ለከንቱ ቁፋሮ ስንት ጊዜ እንደሚያንበረክከው ነው። ድሮናችሁ በአንድ ሄክታር ላይ 500 ምልክት ቢረጭና እውነተኞቹ አራት ቢሆኑ ሥራውን አብዝታችሁበታል። የሳተው አንድ ቢኖር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ መሬቱ ነጻ ነው ተብሎ ገበሬ በበሬ ያርሰዋልና።

ወደ ቻድ ልምጣ። እዚያ የተሠራው ሥራ እውነተኛ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ለምን እንደተሳካ አስተውል። መሬቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ሣር የለም፣ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ስለዚህ የሙቀት ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ያንኑ ካሜራ ወስደህ የጤፍ ገለባ በለበሰ መረሬ መሬት ላይ ብታበረው የምታየው የገለባውን ሙቀት ነው። መረሬ ደግሞ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ሁሉ በካሜራው ላይ የራሱ ምልክት ይኖረዋል። በድንጋያማው የሰሜን ተራራ ላይም እያንዳንዱ ድንጋይ ከአፈሩ በተለየ ፍጥነት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ራዳርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ምድር ሰርጎ የሚያይ ራዳር ውኃ በጠገበ ሸክላ አፈር ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ብረት ጠቋሚም ብረት አዘል በሆነ ቀይ አፈርና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ያለ ምክንያት ይጮኻል። በሁሉም አፈር ላይ የሚሠራ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ መሣሪያችሁ የት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን የት ላይ መሥራት እንደሚያቆም ፈልጋችሁ አግኙ። አንድ አምካኝ ቡድን በዚያ ወረቀት ላይ ይተማመናል፤ ስኬት ብቻ የተዘረዘረበትን ግን አንብቦ ያስቀምጠዋል።

ስለ ቦታው አንድ ሐሳብ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት 1,492 የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች በፈንጂ የተጎዱ ተብለው ተመዝግበው ነበር። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጥርጣሬ ቦታው ድረስ እየተሄደ ተጣርቶ ተሰርዟል፣ ከፊሉም ጸድቷል። በዚያ መዝገብ ላይ እስከ ቅርብ ዓመታት ከቀረው የተጠረጠረ መሬት ብዙው ያለው በሶማሌ ክልል ነው፤ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከነበረው ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት ጀምሮ የተቀበረ ነው። ያ አገር ደረቅ ነው፣ ዕፅዋቱ የተራራቀ ነው፣ አፈሩም በብዙ ቦታ አሸዋማ ነው። ከትግራይ ገደላ ገደል ይልቅ ለቻድ የሚቀርበው እሱ ነው። የሙከራ መሬት ስትመርጡ ያንን አፈር የሚመስል ፈልጉ።

አሁን ሙከራው ምን መምሰል እንዳለበት። ከፈንጂ ሙሉ በሙሉ ነጻ መሆኑ የታወቀ መሬት ውሰዱ። የምትቀብሩት ጣሳ መሆን የለበትም። ፒኤምኤን ክብ ነው፤ ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከላይ ጎማ፣ ከሥር ጠንካራ ፕላስቲክ። ውስጡ ባዶ የሆነ ጣሳ አየር ስለያዘ እንደ ፈንጂ አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም። ፈንጂው ውስጥ ወደ 240 ግራም የሚጠጋ ቲኤንቲ የተባለ የሚፈነዳ ኬሚካል አለ። በቲኤንቲ ፋንታ የሻማ ሰም ወይም ሲሊኮን አቅልጣችሁ ሙሉት፤ በዓለም ላይም ለሙከራ የሚሠሩት አስመሳይ ፈንጂዎች እንዲህ ባሉ ነገሮች ይሞላሉ። እውነተኛ ፈንጂ፣ የመከነም ቢሆን፣ በእጃችሁ አትንኩ። ፒኤምዲ ስድስት የሚባለውን የእንጨት ሣጥን የሚመስልም ሥሩ። ጥቂቶቹን ሣጥኖች እንዲበሰብሱ ተዉአቸው፤ መሬት ውስጥ ለዓመታት የቆየ እንጨት እንዲያ ነውና።

ከቀበራችሁ በኋላ ክረምቱ ይለፍበት። ትናንት የተቆፈረ አፈር ልል ነው፤ ካሜራችሁ ያየው ጣሳውን ሳይሆን ቁፋሮውን ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ምንም ያልተቀበረባቸው ጉድጓዶች ቆፍራችሁ መልሳችሁ ድፈኑ። ድሮናችሁ እነዚያ ላይም «አለ» ካለ ያገኛችሁት ፈንጂ ሳይሆን የተነካ አፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። በየመካከሉ ቀለህ፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ድንጋይ ጣሉበት። ጥልቀቱን አለዋውጡ። የቀበረው ሰው መዝገቡን በታሸገ ፖስታ ለሦስተኛ ሰው ይስጥ፤ በሙከራው ቀን በሜዳው አይገኝ። የሚያበረውና ምስሉን የሚያነብበውም ከእናንተ አንዱ ሳይሆን በቅርቡ የሠለጠነ ሌላ ሰው ይሁን። ሠሪው መሣሪያውን ሲያባብለው ይውላል፤ መስክ ላይ ግን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የጃፓኑ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞቶዩኪ ሳቶ ብረት ጠቋሚንና ራዳርን ያጣመረ የእጅ መሣሪያ ሠርተው በክሮኤሺያና በካምቦዲያ ለዓመታት ሲያስፈትኑት፣ በካምቦዲያ መሣሪያውን ይዘው የሠሩት የአገሩ አምካኞች ነበሩ። ያንን መንገድ ተከተሉ።

ዓለም አቀፍ የፈንጂ ሥራ መመዘኛዎች ስለ መሣሪያ ፍተሻ የሚናገር ምዕራፍ አላቸው። ለብረት ጠቋሚዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ የወጣ ዝርዝር የፍተሻ ሰነድ አለ። ስለ ድሮን ባይሆንም አፈርን እንዴት መመዝገብ እንደሚገባ፣ ኢላማ እንዴት እንደሚቀበር፣ ፈታኙ ከተፈታኙ እንዴት እንደሚለይ ያስተምራችኋልና አንብቡት።

የቁጥር መምህር፦

ጋሼ ከጻፉት ላይ አንድ የስታቲስቲክስ ነጥብ ልጨምር። 30 ተቀብሮ 30 መገኘቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ ውጤት ተነሥቶ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚቻለው መሣሪያው ቢያንስ 90 በመቶ ያህሉን ያገኛል ብቻ ነው። ከ10 ፈንጂ አንዱን የሚስት መሣሪያም በዕድል 30ውን ሁሉ ሊያገኝ ይችላል፤ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። 99 በመቶ ያገኛል ለማለት ወደ 300 የሚጠጋ ኢላማ ያለ አንድ ስሕተት ማለፍ አለበት። አንድ ከሳተ ቁጥሩ ወደ 470 ከፍ ይላል። በዚያ ላይ 300ው በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ማለዳ ከተፈተነ የሚናገረው ስለዚያ አፈርና ስለዚያ ማለዳ ነው። ስለዚህ የኢላማውን ቁጥር የምትወስኑት መሬት መቆፈር ሳትጀምሩ፣ በወረቀት ላይ ይሁን።

ሲስተር ከአድዋ፦

እኔ በጤና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለ መሣሪያ አላውቅም። ስለ ሰዎቹ ግን ልናገር። ተማሪው ወደ ትግራይ እንመጣለን ብሏልና፣ ከመምጣቱ በፊት ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

እዚህ የድሮን ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁት የሰሙት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ያ ድምፅ ሲሰማ ከገበያ የሮጠ፣ ልጁን አቅፎ ዋሻ ውስጥ ያደረ ሕዝብ ነው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህም ድምፁ ከሰው ልብ አልወጣም። ልጆች ሰማይ ላይ የሚንጫረር ነገር ሲሰሙ ከጨዋታቸው ተነሥተው ወደ ቤት የሚገቡበትን አገር አስቡት። የእናንተ ትንሽ መሆኗን፣ ለበጎ መሆኗን ማን ነግሯቸው? ስለዚህ ድሮን ከመነሣቷ በፊት ለቀበሌው፣ ለካህናቱ፣ ለእናቶች፣ ለትምህርት ቤቱ ተነግሮ፣ ታይታ፣ ተነክታ፣ ማን እንደሚያበራት ታውቆ መሆን አለበት። ሕዝቡ እምቢ ካለም እምቢታው ይከበር።

ሌላው። ወደ ጤና ተቋም የሚመጡትን ልጆች ቁስል ስናይ አብዛኛው እግር ላይ አይደለም። ጣት፣ እጅ፣ ፊት፣ ዓይን ነው። ፈንጂ የረገጠ ሰው እግሩን ይመታዋል፤ እጁንና ፊቱን የተመታው ግን አንሥቶ የያዘው ነው። የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ጥይት፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ፤ በማሳ ዳር፣ በወንዝ ውስጥ፣ በፈረሰ ግንብ ሥር ተጥሎ የተገኘ። ለከብት ጥበቃ የወጣ ልጅ ሲያብረቀርቅ ያገኘዋል፣ ያነሣዋል። ብረት ለቃሚም ሸጦ እንጀራ ሊገዛበት ያነሣዋል። እናንተ የምትፈልጉት የተቀበረውን ነው። በእኛ አካባቢ ዛሬ ልጅ እየጎዳ ያለው ላዩ ላይ ያለው ነው።

የእንስሳት ሐኪም ከሞሮጎሮ የተመለሰ፦

ከእንስሳት በኩል የተገኘ ትምህርት ስላለ ልጨምር። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ በሶኮይኔ የግብርና ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አፖፖ የተባለው ድርጅት ጉንጨ ከረጢት የሆኑ ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን የቲኤንቲ ሽታ እንዲለዩ ያሠለጥናል። አይጧ ቀላል ስለሆነች ፈንጂ ላይ ብትቆምም አይፈነዳም። ብረትም አይገዳትም፤ ቀለህና ቆርቆሮ አልፋ ትሄዳለች። አንድ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል መሬት በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች፤ በብረት ጠቋሚ ከሆነ እስከ አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። እነዚህ አይጦች በሞዛምቢክ ሠርተዋል፤ ሞዛምቢክም እ.ኤ.አ. በ2015 ከታወቁት ፈንጂዎች ሁሉ ነጻ መሆኗን አስታውቃለች። በካምቦዲያ የሠራው ማጋዋ የተባለው አይጥ በሥራ ዘመኑ 71 ፈንጂዎችና 38 ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። የሚገርመው የዚያው ዝርያ አይጦች አዲስ አበባ ውስጥ በአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ትብብር ከአክታ ናሙና የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት ሥራ ላይ ናቸው።

ለእናንተ ሙከራ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ አይጥም ሆነ ውሻ ሲፈተን መሪው ፈንጂው የት እንዳለ ካወቀ፣ ሳያስበው ገመዱን ያላላል ወይም እርምጃውን ያዘገያል፤ እንስሳው ያንን አንብቦ ይቆማል። ስለዚህ መሪውም ማወቅ የለበትም። በእናንተ በኩል ፕሮግራሙን በአንድ ሜዳ ምስል አሠልጥናችሁ በዚያው ሜዳ ከፈተናችሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። ፈንጂዎቹን ሳይሆን ሜዳውን በቃሉ ይዞታል። ማሠልጠኛው ሌላ፣ መፈተኛው ሌላ መሬት ይሁን።

ተማሪው ከባሕር ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የጠየቁኝን ለመመለስ፣ ምስሎቹን መልሰን ስናይ ፕሮግራሙ ከ30ዎቹ ሌላ 112 ቦታ ላይ ምልክት አድርጓል። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ድንጋይ ናቸው። ማሠልጠኛውና መፈተኛውም አንድ ሜዳ ነበር። ሲስተር የጻፉትን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው፤ ስለ ድምፁ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። አሁን ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የተቀበረውን ትተን ላዩ ላይ ያለውን እንፈልግ? ወይስ በጀመርነው እንግፋ? ስለ ሃሳኒ ኳስስ ምን ይላሉ?

የቀድሞ አምካኝ፦

112ቱን ሳትደብቅ ስለነገርከን ከአሁን በኋላ ልሠራ ከምፈልጋቸው ሰዎች ቆጥሬሃለሁ።

ስለ ኳሱ ባጭሩ፦ ኳሱ የዓለምን ዓይን ወደዚህ ችግር ስቧል፤ ልጁም ከተወለደበት አገር ሕመም ተነሥቶ የሠራው ነው። ነገር ግን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ያልረገጠው ስንዝር የትኛው እንደሆነ፣ የረገጠውም ላይ ክብደቱ ይብቃ አይብቃ የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ወታደር በጦርነት መካከል መተላለፊያ ሲከፍት ጥቂት መሳትን ሊቀበል ይችላል። ሰብአዊ ፈንጂ ማጽዳት ግን መጨረሻው ለአንድ ቤተሰብ «ይህን ማሳ እረሱት» ብሎ መፈረም ነው። በነሲብ የተሄደበት መሬት ላይ አልፈርምም፤ ሌላ የሚፈርም ባለሙያም አላውቅም።

ሲስተር ያሉት ልክ ነው፤ የሙያ ጓደኞቼም ይህንኑ ነው የሚናገሩት። ላይ ላዩን ያለ ተተኳሽ በተራ ካሜራም ይታያል፣ የሙቀት ካሜራ እንኳ አያስፈልገውም። በዩክሬን ያሉ ቡድኖች ከድሮን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መሬት ላይ የተበተኑትን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያላቸውን ትናንሽ ፒኤፍኤም ፈንጂዎችና የሮኬት ቅሪቶችን በኮምፒውተር እየለዩ ነው። የእናንተ ፕሮግራም ወደዚያ ቢዞር ብዙው ሥራችሁ አይባክንም። ግን እዚህም ተጠንቀቁ፤ በዩክሬን ሜዳ ፎቶ የሠለጠነ ፕሮግራም የትግራይን ድንጋይ አያውቅም። የራሳችንን መሬት፣ የራሳችንን ሣር፣ በአቧራ የተሸፈነ የሞርታር ጥይት በራሳችን ብርሃን ማሠልጠን አለባችሁ። ለዚህ ደግሞ እውነተኛ ተተኳሽ አያስፈልጋችሁም፤ ባዶ ቅጂ አሠርታችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ዝገት አስይዛችሁ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ስታበቁ ቅጂዎቹን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ ልጅ አግኝቶ ተጫውቶበት ነገ እውነተኛውን እንዳያነሣ።

የሙቀት ካሜራውንም አትጣሉት። ቦታውን ግን አስተካክሉት። ድሮን መሬት አያጸዳም፤ እንዲያጸዳም አትጠይቁት። በእኛ ሥራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉልበት የሚያልቀው ፈንጂ በሌለበት መሬት ላይ ነው። አንድ ሰው «እዚያ ሜዳ ላይ ፈንጂ አለ» ስላለ አንድ ጋሻ መሬት ሙሉ ይታጠራል፤ ለዓመታት አይታረስም፣ ከብት አይሰማራበትም። ፈንጂው ግን ያለው በአንድ ጥግ፣ የድሮ ምሽግ በነበረበት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። የምሽጉን ቅርጽ፣ የድሮ መኪና መንገዱን፣ የተመታውን ተሽከርካሪ ቅሪት፣ ሰውና ከብት የሚመላለሱበትን ቀጭን መንገድ ከላይ አይቶ ለአጥኚው ቡድን በካርታ የሚሰጥ ድሮን ወራት ይቆጥባል። ያንን ካርታ ይዛችሁ ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ጋር ተቀመጡ። በዛላምበሳ አንዲት እናት ፍየሎቿ በየትኛው በኩል እንደሚያልፉ፣ በየትኛው በኩል ሁለቱ እንደሞቱባት ጣቷን ዘርግታ ያሳየችን መስመር ከያዝነው ካርታ ይልቅ ትክክል ነበር። እንዲህ ያለውን ምስክርነት ከምስላችሁ ጋር አጣምሩት።

ስለ ፈቃድ፦ ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ሳትይዙ አንድ ሜትር አታንሡ፤ በሰሜን ደግሞ ያለ አካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ጭራሽ አትሞክሩት። ዩኒቨርሲቲው በስሙ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። በፈንጂ ነክ ነገር ሁሉ ደግሞ ባለቤቱ በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፈንጂ ማምከን ጽሕፈት ቤት ነው። ስትሄዱ «መሣሪያ አለን ሞክሩልን» ብላችሁ አትጀምሩ። የሙከራ ዕቅዳችሁን በወረቀት ይዛችሁ፣ የቁጥር መምህሩ ያሉትን የኢላማ ብዛት አስልታችሁ፣ 112ቱንም ጽፋችሁ ሂዱ። ከዚያም ሁለት ልምድ ያላቸው አምካኞች በዕቅዱ ላይ አስተያየት እንዲሰጡበት ጠይቁ። አምካኝ ወረቀት ላይ ስሕተት ሲያይ ዝም አይልም፤ የሚነግራችሁ በቤተ ሙከራ የማይገኝ ነገር ነው።

ዕቅዱን መጀመሪያ እዚህ ለጥፉት። የአስመሳይ ፈንጂዎቹን ልክና አሞላል እኔ አየዋለሁ። ሲስተር ፈቃደኛ ከሆኑ ከሕዝቡ ጋር የምትነጋገሩበትን ክፍል እሳቸው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሲስተር ከአድዋ፦

አየዋለሁ። የሚጻፈው በትግርኛም ይሁን፤ እኔ እተረጉመዋለሁ።

ተማሪው ከባሕር ዳር፦

ጋሼ፣ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የመመረቂያውን ርዕስ ለመቀየር ነገ አማካሪያችንን እናነጋግራለን። ኢላማዎቹን ከሰኔ በፊት ቀብረን ክረምቱን እናሳልፋለን፤ በረራው በጥቅምት ይሆናል። ባዶ ጉድጓዶቹን የሚቆፍርልን፣ መዝገቡንም የሚይዝልን ከሌላ የትምህርት ክፍል ሰው አግኝተናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የሻማውን ሰም ስናፈስ ውስጡ አየር እንዳይቀርበት በአንድ ጊዜ ነው የምንሞላው ወይስ በንብርብር?

የቀድሞ አምካኝ፦

በንብርብር። ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መካከሉ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ጠንከር ሲል ሁለተኛውን ጨምሩበት፤ ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት አንዱን በመጋዝ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩት። ፎቶውን ላክልኝ።